ስንት ጨረቃ ቢደመር አንዲት ፀሐይ ይወጣዋል?

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለሳይንስ መምህራንና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ)

መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ፀሐይ ከጨረቃ ስንት እጅ ትበራለች? ጎጃም ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አንድ የታወቀ መልስ ይጠብቀዋል። አብነት ትምህርት ቤት የዋለ ሰው «ሰባት እጅ» ይለዋል። መልሱ የመጣው ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ተጠብቆ ከቆየልን ከመጽሐፈ ሄኖክ ነው። 72ኛው ምዕራፍ የፀሐይ ብርሃን ከጨረቃ ሰባት እጅ እንደሚበልጥ፣ መጠናቸው ግን እኩል እንደሆነ ይናገራል።

የመጠኑን ነገር ሰማይ ላይ ብታዩት ልክ ነው። ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ዲግሪ ያህል ናቸው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ትንሿን ጣት ብታቆሙ ፀሐይንም ጨረቃንም ትጋርዳለች። (ይህን በጨረቃ ብቻ ሞክሩት።) የፀሐይ ወርድ 1,392,000 ኪሎ ሜትር፣ የጨረቃ 3,474 ኪሎ ሜትር ነው፤ 400 እጥፍ። ርቀታቸውም በአማካይ 149.6 ሚሊዮንና 384,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም ወደ 400 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ለዓይን እኩል ሆኑ።

ብርሃኑ ላይ ግን ልኬቱ የሚሰጠው ቁጥር 400,000 ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ አራት መቶ ሺህ ነው። ከወርዱና ከርቀቱ 400 ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ መመሳሰሉ እንዲያው የአጋጣሚ ነው። ሰባት ደግሞ በዚያ መጽሐፍ ቋንቋ የምልዓት ቁጥር ስለሆነ ከሉክስ (አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መስፈሪያ) መለኪያ ጋር ማጣላት ሥራ መፍታት ነው። ይልቅ ዓይናችን ራሱ ለምን ሰባትን ወይም ሃያን ለመቀበል ዝግጁ እንደሆነ፣ አራት መቶ ሺህ ሲባል ግን ለምን እንደሚደነግጥ እንይ።

ዓይን ብርሃን አይቆጥርም፤ ያመዛዝናል። ቀትር ላይ የዓይን ብሌን እስከ 2 ሚሊ ሜትር ትጠባለች፣ ሌሊት እስከ 7 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። በስፋት ቢሰላ ይህ 12 እጥፍ ብቻ ነው። የቀረውን የሚያቻችለው በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባዩ ሽፋን፣ ሬቲና ነው። ሬቲና ላይ ቀለም የሚለዩ የቀን ሕዋሳት አሉ፤ ቀለም የማይለዩ፣ በትንሽ ብርሃን የሚሠሩ የሌሊት ሕዋሳትም አሉ። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባ ሥራው ከነዚያ ወደ እነዚህ ይተላለፋል፤ ርክክቡ እስኪያልቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ርክክቡን ማየት የፈለገ የብራና ዳዊት ይዞ ሙሉ ጨረቃ ላይ ይውጣ። ጉልህ ጽሕፈት ከሆነ ፊደሉ እንደምንም ይነበባል። በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም ግን ቀይነቱ ይጠፋል፤ ከጥቁሩ መለየት ያስቸግራል። የሌሊት ሕዋሳት ቀይ ብርሃን አይሰማቸውምና። «የጨረቃ ብርሃን ሰማያዊ ነው» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ የዓይን ጨዋታ ነው። በመሣሪያ ሲታይ ከጨረቃ ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ከፀሐይዋ ይልቅ በትንሹ ወደ ቀይ ያደላል።

እንግዲህ ምስክሩ እንዲህ ከሆነ ቁጥሩን ከየት እናመጣለን? ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ በእርሳስ፣ ሌላው በሻማ።

የእርሳሱን በሦስት መስመር እንጨርሰው። ጨረቃ ከፀሐይ ያላት ርቀት ከእኛ ርቀት ጋር አንድ ያህል ስለሆነ የሚያርፍባት የፀሐይ ብርሃን እኛ ላይ የሚያርፈውን ያህል ነው። የጨረቃ ግማሽ ወርድ 1,737 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለርቀቷ ለ384,400 ስናካፍለው 221 ውስጥ አንድ ይሆናል፤ በራሱ ሲባዛ 49,000 ውስጥ አንድ። ጨረቃ ነጭ ወረቀት የተለበጠባት ጠፍጣፋ ሳህን ብትሆን ኖሮ ብርሃኗ ከፀሐይ 49,000 ጊዜ ያንስ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ጨረቃ ነጭ አይደለችም። ከነጩ ሳህን ጋር ስትተያይ የምትመልሰው ከመቶ 12 እጅ ብቻ ነው። 49,000ን ለ0.12 አካፍሉት፤ 408,000 ይመጣል።

ከመቶ 12 ማለት ያረጀ አስፋልት ማለት ነው። እያንዳንዱ ባለቅኔ ንጣቷን የሚያወድሳት ጨረቃ ዐፈሯ ጥቁር ነው። ነጭ የምትመስለው ከጀርባዋ ያለው የሌሊት ሰማይ ከእሷ እጅግ ስለሚጠቁር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳትጠልቅ ያረፈደች ጨረቃን እዩ፤ ሰማዩ ራሱ ሲበራ የሳሳ ነጠላ መስላ ትታያለች። እሷ ግን ከሌሊቱ ምንም አልደበዘዘችም።

አሁን ወደ ሻማው። ስሌቱን የማያምን ተማሪ ጥሩ ተማሪ ነው፤ ለእሱ የሚሆነው ይህ ነው።

ብርሃንን በዓይን መመዘን አይቻልም ብለናል። ዓይን አንድ ነገር ግን በደንብ ይችላል፤ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጥላዎች እኩል መጥቆራቸውን ያውቃል። ሻማን ሁለት እጥፍ ብታርቁት ብርሃኑ ሩብ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ብታርቁት ዘጠነኛ። ስለዚህ ብርሃኑን ወደ ሜትር እንቀይረዋለን፤ ሜትር ማንበብ አያጣላም።

የሚያስፈልገው 8 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ መስኮቱ የሚጨልም ክፍል ነው፤ የመማሪያ ክፍል ይበቃል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ መስታወት፣ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ የሱቅ ሻማ፣ ሜትር፣ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ቆርቆሮም አዘጋጁ። ቆርቆሮው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል።

በሌሊቱ እንጀምር። ሙሉ ጨረቃ በሆነችበት ሌሊት መስታወቱን ከመስኮቱ ውጭ አቁማችሁ ብርሃኗ አግድም ገብቶ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። እርሳሱን ከወረቀቱ 3 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት አቁሙ። ሻማውን ከጨረር መስመሩ ትንሽ ወደ ጎን አስቀምጡ፤ ሁለት ጥላ ይወጣል። የጨረቃው ጥላ ያለበት ቦታ የሚበራው በሻማው ብቻ ነው፤ የሻማው ጥላ ያለበት በጨረቃ ብቻ። ጥላዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ እስኪነካኩ ሻማውን ወደ ጎን አስተካክሉ፣ ከዚያ እኩል እስኪጠቁሩ አርቁት አቅርቡት። ተራ ሻማ ከሆነ ከወረቀቱ 2 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ሩብ ሉክስ ገደማ ነው።

አንድ ነገር ያስደነግጣችኋል፤ አይደንግጣችሁ። ሻማው የሚያበራው ጥላ ብርቱካናማ፣ ጨረቃ የምታበራው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ቀለማቸው ስለሚለያይ «እኩል» የሚለው ፍርድ ይንሸራተታል። ዓይን ጨፈን አድርጎ በሽፋሽፍት መካከል ማየት ቀለሙን ያለዝበዋል። ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይፍረዱ፣ እያንዳንዱም አንዴ ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ አንዴ ከቅርብ ወደ ሩቅ እየገፋ፤ ከዚያ አማካዩ ይወሰድ።

ቀን ላይ ችግሩ ሌላ ነው። የፀሐይ ቀጥተኛ ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ስለሆነ ሻማው እኩል እንዲሆን ከወረቀቱ 3 ሚሊ ሜትር ላይ መቆም አለበት፤ ወረቀቱ ይቃጠላል። መፍትሔው ቤታችን ውስጥ አለ። የቆርቆሮ ጣሪያ ምስማር ሲወልቅ በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ሆኖ ያርፋል፤ ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ቢሆን እንኳ ክብ ነው። ያ ክብ የፀሐይ ምስል ነው። ወርዱ ከቀዳዳው እስከሚያርፍበት ያለው ርቀት ለ107 ሲካፈል የሚገኘው ነው። 3 ሜትር ከ20 የሄደ ጨረር 3 ሴንቲ ሜትር ክብ ይሠራል። በትንሽ ቀዳዳ የገባ ብርሃን ሰፊ ክብ ላይ ስለሚበተን ይደክማል፤ ምን ያህል እንደደከመም በማስመሪያ ይታወቃል።

ስለዚህ መስኮቱን አጨልማችሁ የተበሳውን ቆርቆሮ ለጥፉበት። ያው መስታወት የፀሐይዋን ጨረር በቀዳዳው አሳልፎ 8 ሜትር ርቆ ያለው ወረቀት ላይ ይጥላል። ክቡ 74 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ብርሃኑ 74 ሲባዛ በ74፣ ማለትም 5,476 ጊዜ ተዳክሟል። አሁን እርሳሱንና ያንኑ ሻማ አምጡ። ጥላዎቹ ሻማው 23 ወይም 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲቆም እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ የሚቀረው ማባዛት ነው፤ 200 ሴንቲ ሜትር ለ23.5 ሲካፈል 8.5፣ በራሱ ሲባዛ 72፤ 72 በ5,476 ወደ 394,000 ነው። የሻማው ጉልበት ስንት እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገንም። በሁለቱም ጊዜ አንድ ሻማ ስለሆነ ከሒሳቡ ይወጣል። መስታወቱ የሚያጎድለውም እንዲሁ፤ ለዚህ ነው ለጨረቃም ለፀሐይም አንዱን መስታወት የተጠቀምነው።

ይህን ሥራ የሚያበላሹ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ዋናዋ ቀዳዳዋ ናት። ወርዷ በራሱ ስለሚባዛ 1 ሚሊ ሜትር ያላችኋት 1.1 ብትሆን ውጤቱ ከመቶ 21 ይሳሳታል። በማስመሪያ አትለኳት። በቀዳዳዋ ልክክ ብሎ የሚያልፍ የመዳብ ሽቦ ፈልጉ፣ እርሳስ ላይ አሥር ዙር አጠጋግታችሁ ጠቅልሉት፣ የጥቅሉን ርዝመት ለ10 አካፍሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «አንድ ነጥብ አምስት» የሚለው ሽቦ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት የለውም። ያ ቁጥር የመዳቡ ቁራጭ ፊት ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ 1.38 ነው። በዚህ ተሸውዶ ውጤቱ የሚበላሽበት ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው የፀሐይዋ ክብ ራሱ ነው። መካከሉ ከዳሩ ይበልጥ ይበራል። ጥላዎቹን መካከሉ ላይ ካነጻጸራችሁ ፀሐይን ከሩብ ባልተናነሰ ታጋንኗታላችሁ። ከመሐሉ ወደ ዳር ሦስት አራተኛ መንገድ ያህል ሂዱ፤ አማካዩ ብርሃን እዚያ ነው። ፈጠን በሉ ደግሞ፣ ክቡ በደቂቃ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሸሻል፤ አንድ ሰው መስታወቱን እያስተካከለ መቆየት አለበት። ክቡ ሞላላ ወይም የተጨማደደ ከሆነ መስታወቱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ቀይሩት።

ከዚያ ሰማዩ። ፀሐይና ጨረቃ በእኩል ከፍታ ላይ ሳሉ ካልተለኩ አንዷ የምታቋርጠው አየር ከሌላዋ ይወፍራል። ቀላሉ ዘዴ በትር መትከል ነው፤ የበትሩ ጥላ ከበትሩ ቁመት ጋር እኩል ሲሆን ከፍታው 45 ዲግሪ ነው። ቀንም ሌሊትም በዚያች ሰዓት ለኩ። ክረምቱን ተዉት። መጋቢትና ሚያዝያም አቧራና ጭስ አለባቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ይሻላል። በታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ እዚህ አገር ውድቅት ላይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም፤ 45 ዲግሪዋን ከምሽቱ ጀምሮ በቀስታ ታልፋለች። የመንገድ መብራት ባለበት ግን ምንም አታገኙም። ነፋስ ሻማውን ካወዛወዘም፣ ክሩ ረዝሞ ካጨሰም እንዲሁ ነው፤ ክሩን ቆርጣችሁ አምስት ደቂቃ እስኪረጋ ጠብቁ።

በሻማ ፀሐይንና ጨረቃን ማነጻጸር አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1725 በሻማ ለክቶ 300,000 አገኘ። እንግሊዛዊው ዊልያም ወላስተን እ.ኤ.አ. በ1799 ለክቶ 801,072 አለ። ጀርመናዊው ካርል ዞልነር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ 618,000 አገኘ። ቡጌ የሳተው በሩብ ነው፤ ወላስተን በእጥፍ፣ ያውም እስከ መጨረሻዋ 72 ድረስ ቆጥሮ። ተማሪዎች፣ ካልኩሌተሩ የሰጣችሁን አኀዝ ሁሉ ስትጽፉ ይህችን 72 አስታውሱ።

የከዋክብት ተመራማሪዎች ብሩህነትን የሚጽፉበት ሚዛን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ፀሐይ ሲቀነስ 26.7፣ ሙሉ ጨረቃ ሲቀነስ 12.7 ተብለው ይመዘገባሉ። አንዱን ለሌላው አካፍሎ «ፀሐይ ሁለት እጥፍ ትበራለች» የሚል አለ። ሚዛኑ የሚቀነስ እንጂ የሚካፈል አይደለም፤ አንድ እርከን 2.512 እጥፍ፣ አምስት እርከን 100 እጥፍ ነው። ልዩነቱ 14 እርከን ስለሆነ 2.512 አሥራ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ያው 398,000 ይመጣል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሙሉ ጨረቃ ነው። ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ግማሽ ታበራለች ብሎ የሚያስብ ሰው ሻማውን ይዞ ሲወጣ ግራ ይገባዋል። ግማሽ ጨረቃ የምትሰጠው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ምክንያቱን ለገበሬ ማስረዳት አይከብድም። ገና የታረሰ ማሳ ላይ ጠዋት ፀሐይን ከጀርባ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ትልሙና ጓሉ ሁሉ የበራ ፊቱን ያሳያችኋል፣ ጥላው ከኋላው ተደብቋል። ዞራችሁ ወደ ፀሐይ ተመልከቱ፤ ያው ማሳ ጠቁሮ ይታያል፣ አሁን የምታዩት የጓሉን ጥላ ነውና። የጨረቃ ገጽ በዱቄትና በጓል የተሞላ ማሳ ነው። ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ከጀርባችን ስላለች ጥላ የለም፤ ግማሽ ስትሆን ከጎን ስለሚበራባት በጥላ ትሞላለች። ለዚህ ነው ልኬቱ ከሙሉ ጨረቃ አንድ ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ከአምስት እጅ አንዱ የሚጎድለው፤ ለዓይን ሁለቱም ሌሊት ሙሉ ብትመስልም። ጨረቃ ለምድር በቀረበችበትና በራቀችበት ሙሉ ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከመቶ 30 ይደርሳል፤ ስለዚህ የሁለት ወር ልኬታችሁ ባይገጥም ቶሎ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ካሜራ ላላችሁ አንድ ቃል። በጠራ ቀን ሌንሱን 16 ላይ፣ አይሶውን 100 ላይ አድርጎ በሰከንድ አንድ መቶኛ ያነሣነውን መልክዓ ምድር በሙሉ ጨረቃ እንዲያው ለማንሣት 4,000 ሰከንድ ያስፈልጋል። ሌንሱን እስከ 2.8 ብትከፍቱና አይሶውን 1600 ብታደርጉ 8 ሰከንድ ይበቃል፤ በመቆሚያ። ጨረቃዋን ራሷን ለማንሣት ግን የቀን ልኬት ነው የሚሠራው፤ እሷ ፀሐይ ላይ የተሰጣ መሬት ናትና። ስልክ ሌሊት የሚያነሣት ጨረቃ ነጭ እድፍ ብቻ የምትሆነው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ስለሚጨምርባት ነው፤ ጣታችሁን ጨረቃዋ ላይ ተጭናችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት።

የአራት መቶ ሺህን ትርጉም የሚያሳይ ሌላ ሒሳብ እነሆ። ከአድማስ እስከ አድማስ ሰማዩን በሙሉ ጨረቃዎች ብንነጥፈው ወደ 100,000 ጨረቃ ይይዛል። ሰማይ ሞልቶ እንኳ የፀሐይዋ ሩብ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኛም ዘንድ አብዛኛው ገጿ ሲጋረድ፣ «ይጨልማል» ብሎ የጠበቀ ሁሉ ቀኑ ቀን ሆኖ ሲቀር ግር ብሎት ነበር። ከፀሐይ አንድ መቶኛዋ ቢቀር 4,000 ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ከደንበኛ ቢሮ መብራት ይበልጣል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ዓይን ደብዘዝ ማለቱን አይቶ ይዘናጋል፤ የቀረችው ቁራጭ ግን እያንዳንዷ ነጥቧ ሙሉዋ ፀሐይ ላይ ከነበረው አንዳች አልቀነሰችም፣ ሬቲናን ያቃጥላል። የራጅ ፊልምና በጭስ የጠቆረ መስታወት አይከላከሉም። ለግርዶሽ የተሠራ መነጽር ወይም ቁጥር 14 የብየዳ መስታወት ይፈለጋል፤ ካልተገኘ የጣሪያው ምስማር ቀዳዳ ወለሉ ላይ ያሳየናል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ቀትር አካባቢ ሌላ ግርዶሽ አለ፤ ጎጃም ላይ በከፊል ነው። ክረምት ስለሆነ ደመናው ይፍቀድ አይፍቀድ የዚያን ቀን ይታያል። የጠራ እንደሆነ ስልኩን ሰሌዳ ላይ አስተኝታችሁ፣ የብርሃን መለኪያውን ከፍታችሁ፣ በየአምስት ደቂቃው ሉክሱን ጻፉ። በዚያው ወረቀት ጎን ደግሞ «ዓይኔ መደብዘዙን መቼ አወቀ?» ብላችሁ ሰዓቱን መዝግቡ። ሁለቱ አምዶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።